የራሳችን ልቦለድ

አማኑኤል ሲባል የአዲስ አበባ ሰው ሐሳቡ ቶሎ የሚሄደው ወደ ሆስፒታሉ ነው። እኔ የምላችሁ ግን ሌላውን አማኑኤል ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ሲጓዙ የሚያገኙትን፣ የማቻክልን ከተማ። እዚያ በገበያ ቀን አንድ አዛውንት ገበሬ ጠጋ ብላችሁ «እንዴት ከረሙ?» ብትሏቸው፣ «እግዜር ይመስገን፣ አለን» ይሏችኋል። ዘንድሮ በሬ ሞቶባቸው ሊሆን ይችላል። ልጅ ድረው ዕዳ ገብተውም ሊሆን ይችላል። ሁሉም «አለን» ውስጥ ተጠቅልሎ ገብቷል።

ያንኑ ጥያቄ ለኛ ለተማርነው አቅርቡልን እስቲ። መልሳችን ምዕራፍ አለው፤ ክህደት አለው፤ ጠላት አለው፤ በመጨረሻም «ይሄን ሁሉ አልፌ ነው እዚህ የደረስኩት» የሚል መዝጊያ አለው።

ገበሬው ስለ ራሱ መተረክ አያውቅም ማለቴ አይደለም። እንዴት ተደርጎ! አገሩ የፉከራና የቀረርቶ አገር ነው። ግን ፉከራ ወግ አለው። ጊዜ አለው፤ ሠርግ ላይ ነው፣ ዘመቻ ላይ ነው። ደግሞም ዙሪያውን ከቆሙት መሐል አብረውት የዘመቱ አይጠፉም። ያልሠራውን ሠራሁ ቢል ማን ዝም ይለዋል? ፎክሮ ሲጨርስም በማግሥቱ ሞፈሩን ተሸክሞ እርሻው ላይ ነው። ፉከራ ምስክር ያለበት ትረካ ነው። የኛ የዛሬው ግን ምስክር የለውም። በስልካችን የምንተርክለት ሰው አብሮን አልዘመተም፤ የነገርነውን ከማመን በቀር ምርጫ የለውም።

ትረካ ልክ ሲያጣ ምን እንደሚያመጣ ያሳየን የዚያው አገር ሰው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ተወለዱ። በ1958 ዓ.ም. ከታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን ነው። እኔን የሚያሳስቡኝ ግን አባትየው ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው። ፊታውራሪ ክፉ ከመሆን ይልቅ በራሳቸው ታሪክ የሰከሩ ሰው ናቸው። የዘር ሐረጋቸው፣ ጀግንነታቸው፣ ክብራቸው አንድ ትልቅ ድርሳን ሆኖ ሌት ተቀን በውስጣቸው ይነበባል። ለዚያ ድርሳን የሚመጥን አማች ሲጠፋ ልጃቸው ሳታገባ ትቀራለች፤ ዕድሜዋ ይነጉዳል። ገበሬዎቹ ከልማድ ውጭ የተጠየቁትን አንሰጥም ሲሉ፣ በሽማግሌ ሊያልቅ የሚችለው ክርክር ለፊታውራሪ የጦር ሜዳ ሆነ። ዘመቱ። አበጀ በለው የሚመራቸው ገበሬዎች ግን ማረኳቸው።

ልብ በሉ፤ ዋጋውን የከፈሉት እሳቸው ብቻ አይደሉም። አንድ ሰው ራሱን ባለታሪክ ሲያደርግ ሌላው ሁሉ አጃቢ ይሆናል። ልጅ ልጅነቷ ይቀርና የክብር ማስረጃ ትሆናለች። ገበሬም ገበሬነቱ ይቀርና ጠላት ይሆናል።

«እሱ የድሮ መኳንንት ነገር ነው» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ወደ ራሳችን እንምጣ። በየመሥሪያ ቤቱ የምትሰሙት ታሪክ አለ፤ የአንድ ሰው አይደለም፣ የብዙዎች ነው። በባዶ እግሩ ተጉዞ፣ ቆሎ ቆርጥሞ፣ በኩራዝ አጥንቶ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ዛሬ ሰው ሆነ። እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ታላቅ ወንድምየው የታለ? አባት ሲደክም ትምህርቱን ትቶ ሞፈር የጨበጠው፣ «አንተ ተማር» ብሎ ስንቅ ተሸክሞ ከተማ ድረስ ይመላለስ የነበረው? ሊጥ ያቦካችው እህትስ? የሉም። እነሱ ከገቡ «በራሴ ጥረት» የምትለዋ ቃል ትበላሻለቻ! ነውሩ ውሸት መዋሸቱ ላይ አይደለም፤ የተነገረው እያንዳንዱ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። ነውሩ ማን ተቆርጦ እንደቀረ ነው። ከዓመታት በኋላ ያ ወንድም ለማዳበሪያ መግዣ ቸግሮት ስልክ ሲደውል፣ በታሪኩ ውስጥ ቦታ ስለሌለው እንደ ባለውለታ አይታይም፤ «የማይጠግብ ዘመድ» ተብሎ ይገባል።

ታዲያ ሰው ያለ ታሪክ ይኑር? አይችልም። መከራን የምንችለው «አንድ ቀን አወራዋለሁ» እያልን ነው። ቃል መግባትም ሆነ ንስሐ መግባት ትናንትንና ነገን የሚያያይዝ ታሪክ ይፈልጋል። ግን ታሪክ ሌላ፣ ድራማ ሌላ። ታሪክ ለሠራሁት መልስ ስጥ ይለኛል። ድራማ ጠላት አምጣ ይለኛል፤ ካጣም ይፈጥራል፣ ከሚስትም ቢሆን፣ ከጎረቤትም ቢሆን። ዝም ብሎ የሚያልፍ ቀን አይወድም። የሕይወታችን አብዛኛው ደግሞ ዝም ብሎ የሚያልፍ ቀን ነው።

ሐዲስ ራሳቸው ልቦለድ የሚያስንቅ ሕይወት ነበራቸው። የቅኔ ተማሪ ነበሩ። በወረራው ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው ጣልያን አገር ለዓመታት ታሰሩ። በኋላ አምባሳደርም ሚኒስትርም ሆኑ። የራሳቸውን «ትዝታ» ያሳተሙት ግን በ1985 ዓ.ም.፣ ሰማንያን ካለፉ በኋላ ነው። ከዚያ አስቀድመው ለድሃ ተማሪ፣ ለዐመፀኛ ገበሬ፣ «ጉዱ» ተብሎ ለተናቀ ሰው ስምና ነፍስ ሰጥተው ነበር። የሌላውን ሰው ታሪክ ማየት የቻለ ሰው የራሱን ለመናገር አይቸኩልም።

ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ልብ ብላችሁ ሰምታችሁት ታውቃላችሁ? «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» ብሎ ይጀምራል፤ ልጆችንና የልጅ ልጆችን ቆጥሮ ይዘጋል። ሁሌ አንድ ዓይነት ነው እያልን እናማዋለን። ለኔ ግን ጥበብ አለው። መጀመሪያው የሌላ ሰው ስም፣ መጨረሻውም የሌላ ሰው ስም ነው። ባለታሪኩ መሐል ላይ ነው ያለው፤ ተወልዶም፣ ወልዶም፣ ተረድቶም፣ ረድቶም።

ወንድምየው ስልክ ሲደውል ግን ቀብር እስኪደርስ አይጠበቅም።