በደጀ ሰላም የቆመ እንግዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህች አጭር ጽሑፍ «የእኛ ያልሆነ ጸሎት ወደሚጸለይበት ቦታ የሄድን እንደሆነ ምን እናድርግ?» የሚለውን ጥያቄ ለማንሣት እወዳለሁ። ጥያቄው ያገኘኝ ባለፈው ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ዳንግላ በመጣሁ ጊዜ ነው።

በሰፈራችን ይኖሩ የነበሩ አንድ ሙስሊም አባት ዐረፉ። በፈረስ ጋሪ ሥራ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሰው ናቸው። የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን አጥር በሚሠራበት ጊዜ አሸዋውን እስከ ቅጽሩ በር ያለ ዋጋ ያመላለሱት እርሳቸው ነበሩ። ስለዚህ የሰፈሩ ክርስቲያን ሁሉ ለቀብር ወጣ፤ አባቴም ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ሆነ። መስጊዱ ዘንድ ስንደርስ ዝናቡ በረታ። የሟቹ ልጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ነው፤ «ግባና ከበረንዳው ሥር ተጠለል» አለኝ። እኔ ግን ከአጥሩ ውጭ ዝናብ ላይ ቀረሁ።

በዚያን ሰዓት «ለምን አልገባህም?» የሚለኝ ቢኖር «ስለ ሃይማኖቴ» ብዬ በመለስሁ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከመንገዱ ማዶ ሁለት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ቆመው ስላየሁ «ምን ይሉኛል?» ብዬ ፈራሁ። የፈራሁት እግዚአብሔርን ሳይሆን ሰውን ነበር።

አባቴ ጫማውን አውልቆ ገባ። ከበረንዳው ጫፍ ጋቢውን አደግድጎ ዝም ብሎ ቆመ። ሙስሊሞቹ ትከሻ ለትከሻ ተጋጥመው ሲሰለፉ አብሯቸው አልተሰለፈም፤ በጸሎታቸውም አልተባበረም፤ ፊቱንም አላጠቆረም። የቀብር ጸሎታቸው ማጎንበስም መስገድም የለበትም፤ አራት ጊዜ ተክቢራ እያሉ ቆመው ይፈጽሙታል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ጠይቄ ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጓደኛዬ ጋር በአንድ ወንበር ስቀመጥ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ልደርስ ሄድሁ። ጓደኛዬ ስለ አባቱ ሲያወጋ እንዲህ አለኝ፦ «እሑድ ማለዳ ጋሪውን ያቆምና ከደጀ ሰላማችሁ አጠገብ ካለው ጥድ ሥር ቆሞ ቅዳሴ ይሰማ ነበር። ዜማው ደስ ይለው ነበር። አንድ ቀን ግን በሩን ይጠብቅ የነበረ ልጅ ‹እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ? ይሂዱ› አለው። ከዚያ ወዲያ አልቆመም።»

ወገኖቼ! ያ ልጅ እኔ ነበርሁ። በዚያ እሑድ ሥርዓት አስከባሪ ሆኜ ተመድቤ ነበር። «እኔ ነኝ» አልሁት። «ዐውቃለሁ፤ ነግሮኝ ነበር» አለኝ። እናቱም ቡናውን አቀበሉኝ። ያን ሲኒ ጠጥቼ የጨረስሁት በጭንቅ ነው።

ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ገለጥሁ። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5 የሶርያው ንዕማን ከለምጹ ከነጻ በኋላ ከእስራኤል አምላክ በቀር ለሌላ እንዳይሠዋ ቆረጠ። ነገር ግን ንጉሡ ክንዱን ተደግፎ ወደ ሬሞን ቤት ስለሚገባ፣ እርሱም አብሮት ማጎንበሱ ስለማይቀር፣ እግዚአብሔር ይህን ይቅር ይለው ዘንድ ለመነ። ነቢዩ ኤልሳዕም በሰላም አሰናበተው። ልብ እናድርግ! ንዕማን ይህን የጠየቀው ልቡን ለአንዱ አምላክ አስቀድሞ ከሰጠ በኋላ ነው። ልቡ ያልጸና ሰው ውጭም ቢቆም አልዳነም።

ቅዱስ ጳውሎስም በአቴና ከተማ የአሕዛብን የአምልኮ ስፍራዎች እየተዘዋወረ ተመልክቷል (የሐዋርያት ሥራ 17)። ጣዖት ስለ በዛባት መንፈሱ ታወከበት፤ ሆኖም ሕዝቡን አልተሳደበም። አይቶና አስተውሎ ስለ ነበር ስብከቱን ከዚያው ካየው መሠዊያ ጀመረ። እኛ ግን ስንቶቻችን ነን ሳናይ የምንፈርድ?

እንግዳን መግፋት ምን ያህል እንደሚያም ከታሪካችንም እንማራለን። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን ተቀምጦ አብያተ ክርስቲያናታችንን አይቷል፤ ስለ ላሊበላም ጽፏል። ከእርሱ ጋር ወደ ፖርቱጋል የተላከው የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ ግን ሊዝበን ደርሶ ለብዙ ዓመታት ከቊርባን ተከለከለ። ሰንበትን ማክበራችንንና ግዝረታችንን እንደ አይሁድነት ቆጥረው ነቀፉት። እርሱም የእምነቱን ማብራሪያ ጽፎ አቀረበ፤ ጽሑፉም በላቲን ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1540 ታተመ። በእርግጥ የእኛም ቤተ ክርስቲያን ምሥጢራቷን ከእምነቷ ውጭ ላለ አትሰጥም፤ በሃይማኖት ከተለዩትም ጋር በጸሎት መተባበርን ቀኖናዋ ይከለክላል። ይህ ሊጠበቅ ይገባል። ነገር ግን ምሥጢርን መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ እንግዳን ማቃለል ሌላ ነገር ነው። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ ነበር።

የቤተ ክርስቲያናችንን ሥርዓት ብንመለከት ለእንግዳ ቦታ እንዳላት እንረዳለን። ያልተጠመቁ ንኡሰ ክርስቲያን የሚሰናበቱት ገና በበሩ ሳይሆን ወንጌል ከተነበበ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ይሰማሉ ማለት ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ያላመነ ሰው ወደ ጉባኤያቸው ቢገባ ምን እንደሚያይና ምን እንደሚሰማ እንዲያስቡ አሳስቧቸዋል (1ኛ ቆሮንቶስ 14፥23-25)። ይህንን ትምህርት ሺህ ጊዜ ብንሰማው ጥዱ ሥር የቆመውን ሰው ካባረርን ምን ጠቀመን?

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ለቀብርም ሆነ ለሠርግ ወደ ሌላው ጸሎት ቤት ደጅ ያደረሰን ጉዳይ ቢኖር፦ አስቀድመን የራሳችንን እምነት እንወቅ፤ የንስሐ አባቶቻችንን እንጠይቅ፤ የእኛ ባልሆነ ጸሎት አንተባበር፤ አናፊዝም፤ ጫማ አውልቁ ቢሉን እናውልቅ፤ ዝም ማለት ባለበት ዝም እንበል። ሌላው ወደ እኛ ሲመጣ ደግሞ የምንቆምበትን በር ስም እናስታውስ። አባቶቻችን «ደጀ ሰላም» ብለው የሰየሙት በምክንያት ነው። የሰላም ደጅ ላይ ቆሞ ሰውን ማባረር ስሙን ማስዋሸት ነው።

እኒያን አባት ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ቀርቻለሁ፤ ይህ ጸጸት አብሮኝ ይኖራል። እናንተ ግን ዛሬ ጊዜ አላችሁ። በሚመጣው እሑድ ከጥዱ ሥር የቆመ ሰው ብታዩ «ይቀመጡ፣ አባቴ» በሉልኝ።

የአባቶቻችን አምላክ በሃይማኖት ያጽናን፤ በፍቅርም ያስተምረን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።