ወዳጅን በደኅና ቀን ስለ መጠየቅ

አንባቢ ሆይ፥ ወዳጅህ ሰው በሞተበት ጊዜ ነጠላህን አዘቅዝቀህ ትሄዳለህ፤ ዕድርህም ድንኳን ይተክላል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የሚያስለው ልጁ ተሽሎት እንደ ሆነ፥ የቤት ኪራይ ጨምሮበት እንደ ሆነ፥ ሴት ልጁም ፈተናዋን አልፋ እንደ ሆነ ጠይቀህ ታውቃለህን?

የኢዮብ ሦስት ወዳጆች በመከራው ቀን መጥተው 7 ቀንና 7 ሌሊት ዝም ብለው ከእርሱ ጋር ተቀመጡ። በኋላ ግን ኤልፋዝ አፉን ከፍቶ ለድሃ የማይራራ ሰው አድርጎ ከሰሰው። የኢዮብን የዕለት ኑሮ በልቡ የያዘ ሰው እንዲህ ሊል ባልቻለም ነበር።

እንግዲህ በስልክም ቢሆን፥ በደጁ ስታልፍም ቢሆን፥ ትንሹን ደስታውንና ትንሹን ችግሩን ዛሬ ጠይቅ። መጠየቅህም ወሬ ለመልቀም አይሁን፤ የሰማኸውን ጠብቅ። ትንሹን ያልተካፈለ ሰው በትልቁ ኀዘን ጊዜ እንግዳ ነውና።