መለኪያውና ስሌቱ ሲጋጩ
ነሐሴ ሊገባደድ ሲል የቀትር ፀሐይ በአዲስ አበባ ዳር ባለው የፉሪ ሰፈር አናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ሰፈሩ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ነውና። ይሁን እንጂ በሐምሌና በነሐሴ መሬት የሚደርሰው ጨረር ከበጋው እጅግ ያነሰ ነው፤ ደመናው ያስቀረዋል። ምን ያህሉን አሳለፈ ሲባል መለኪያም ስሌትም መልስ ይሰጣሉ። ሲለያዩስ የትኛው ይታመን?

ብዙ ሰው ሳያመነታ መለኪያውን ይመርጣል። ነገር ግን ፓይራኖሜትር የተባለው መሣሪያ ብርሃንን በቀጥታ አይቆጥርም። በመስታወት ቆብ ሥር ያለ ጥቁር ገጽ ይሞቃል፣ የሙቀቱ ልዩነት ኢምንት ቮልቴጅ ይፈጥራል፣ ቮልቴጁም በቋሚ ቁጥር ወደ ዋት ይለወጣል። ጥርት ባለ ሌሊት ደግሞ ቆቡ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ስለሚቀዘቅዝ መሣሪያው ከዜሮ በታች ጥቂት ዋት ያነባል። ከዜሮ በታች የሆነ የፀሐይ ብርሃን የለም። ይህን ማረም ራሱ ስሌት ነው።

ስሌቱም ከመለኪያ አልተፋታም። አንግስትሮም የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ያወጣው ቀመር ፀሐይ የወጣችባቸውን ሰዓታት ወደ ጨረር መጠን ይለውጣል፤ በቀመሩ ውስጥ ያሉት ቋሚ ቁጥሮች ግን የሚገኙት አስቀድሞ በተለካ ጨረር ነው።

የስሌቱ ፈተና የሚከፋው በምድር ዋልታዎች ነው። አዲስ በረዶ ካረፈበት ብርሃን ከ80 በመቶ በላይ ይመልሳል፣ ደመናው ደግሞ ከፊሉን እንደገና ወደ ታች ይልከዋል። ብርሃኑ እንዲህ ሲመላለስ ስሌቱ በበረዶው ነጸብራቅ ላይ የሠራት ትንሽ ስሕተት ትገዝፋለች። የፉሪ ሣር የሚመልሰው አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ እዚህ ጭንቀቱ የደመናው ውፍረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ደመና ሞዴሎች ከሚሉት በላይ ጨረር ይውጣል የሚል ጥናት ወጥቶ ብርቱ ክርክር አስነሣ፤ ጥርጣሬው በሞዴሎቹ ብቻ ሳይሆን በመሣሪያዎቹም ላይ አረፈ።

ከምልከታና ከስሌት የትኛው ይታመን የሚለውን ጥያቄ ኢትዮጵያ ውስጥ ሃይማኖትም ያውቀዋል። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፋሲካን በባሕረ ሐሳብ ቀምራ ታውጃለች፤ ጨረቃ እስክትታይ አትጠብቅም። ሙስሊሞች ለረመዳን ጨረቃን ይጠብቃሉ፤ ደመና ከጋረዳት በስፋት በሚሠራበት ሥርዓት ከረመዳን በፊት ያለው ወር ሻዕባን 30 ቀን ይሞላል። እዚህ ላይ ዐይን የበላይ ነው፣ ሲጋረድ ግን ቦታውን ለቁጥር ይለቃል።

የጨረሩ ጉዳይ አንድ ተጨማሪ ችግር አለበት። መለኪያው የቆመበትን ነጥብ ብቻ ይናገራል፤ በሳተላይት ላይ የተመሠረተ ስሌት ግን የብዙ ኪሎ ሜትር ስፋት አማካይ ይሰጣል። የአንድ ተራራ አናት በጉም ተሸፍኖ ከሥሩ ያለው ሰፈር ፀሐይ ሲሞቅ፣ ሁለቱም ሳይሳሳቱ ይለያያሉ።