የማያውቅ ሰው ቢበደር ዕዳው የማን ነው?

የገንዘብን አያያዝ ለወጣቱም ለጎልማሳውም ማስተማር ይገባልን? አይገባም የሚሉ ሰዎች ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም፤ ገንዘብ መቍጠር የለመደ ልብ ሰውንም በገንዘብ መመዘን ይጀምራል ብለው ይፈራሉ። እኔም ቍራሽ ለምኜ የተማርሁ የቅኔ ቤት ልጅ ስለ ሆንሁ፥ ለብዙ ዘመን ከነዚሁ ወገን ነበርሁ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ አንድ ወረቀት ነው።

ጎረቤቴ የደብረ ሲና ሰው ሲሆን ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ በተከራየው መሬት ሽንኩርት ያለማል። ለዘር፥ ለማዳበሪያና ለውኃ መሳቢያው ነዳጅ 10,000 ብር ከአንድ ባለ ገንዘብ ሊበደር ፈልጎ፥ ውሉን አነብለት ዘንድ ይዞልኝ መጣ። ወለዱ በየወሩ ከመቶ 5 ነው፤ ያልተከፈለውም ወለድ በዋናው ላይ ይደመራል ይላል። አንድ ቃል ሳላጐድል አነበብሁለት፤ ፊደሉን እንጂ ሒሳቡን ግን አላነበብሁም። በባሕረ ሐሳብ አበቅቴና መጥቅዕ አውጥቼ የትንሣኤን ዕለት የምናገር ሰው፥ ከመቶ 5 በ12 ወር ስንት እንደሚሆን አላሰብሁም። እርሱም ፈረመ።

ሽንኩርት እንደ ማሽላ በጉድጓድ የሚቆይ አይደለም። የቆላው ሁሉ ባንድ ጊዜ የደረሰ እንደ ሆነ ዋጋው ይወድቃል፤ ገበሬውም እንዳይበሰብስበት በተጠራለት ዋጋ ይሰጣል። የጎረቤቴም እንዲሁ ሆነ፤ የሸጠበት የቀን ሠራተኛውንና የነዳጁን ወጪ እንኳ ስላልሸፈነ፥ ለአበዳሪው ምንም ሳይከፍል ዓመቱ ሞላ። ዕዳውም ከ17,900 ብር በላይ ሆነ። ብወቅሰው፥ «የኔታ፥ እርስዎ አንብበውልኝ እኮ ነው የፈረምሁት» አለኝ።

እንግዲህ በደሉ የማን ነው? የአበዳሪው መሆኑ የታወቀ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በብድር ውል የሚወሰነው ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳያልፍ አዟልና። ዳሩ ግን ይህን ሕግ ተበዳሪው አላወቀም፤ አንባቢው እኔም አላወቅሁም። ጎረቤቴን ሒሳብ አለማወቁ ከንዋይ ፍቅር አላዳነውም፤ ለንዋይ ወዳድ አሳልፎ ሰጠው እንጂ። እንዲህ ከሆነ አለማስተማራችን ጽድቅ ነው ለማለት አፌ አይደፍርም።

ዕቁብ አላስተማረንም ወይ የሚል ይኖራል። ዕቁብ መታመንን ያስተምራል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ፊተኛው ባለ ዕጣና ኋለኛው ቍጥሩ እኩል የሆነ ገንዘብ ቢቀበሉም፥ ኑሮ በሚወደድበት ዘመን ኋለኛው የሚገዛበት ያነሰ ነው። ብርም እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው፤ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቍጥር ሰሙ፥ የሚሸመትበት እህል ወርቁ ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፥ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች እንዲለወጡ ሲታዘዝ የተሰጠው ጊዜ 3 ወር ብቻ ስለ ነበረ፥ በቤቱ ደብቆ ለረሳ ሰው ሰሙም ወርቁም ቀረበት።

ትምህርቱ የት ይሰጥ ቢሉ፥ ሰው በየወሩ ከሚሰበሰብበት ከዕድሩ የተሻለ ስፍራ አላውቅም። በይፋት ቆላ ከጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ወለድ በሃይማኖታቸው የተከለከለ ስለ ሆነም፥ ከወለድ ነፃ የሆነው የባንክ አሠራር አብሮ ሊነገር ይገባል።

እኔ ግን ዕድሩ እስኪጀምር አልጠበቅሁም። ከዚያ ወዲህ ውል ይዞ የሚመጣ ሰው ሲኖር፥ የወሩን ወለድ እስከ 12 ወር አስልቼ ድምሩን በሌላ ወረቀት ጽፌ አሳየዋለሁ፤ ውሉን የማነብለት ከዚያ በኋላ ነው።