እጅህን ከክምሩ ውስጥ አስገባ

ሱረቱል ከህፍን ገና ያልቀራችሁ እስከ መግሪብ ጊዜ አላችሁ። በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛትም አይረሳ።

የዛሬው ነገራችን ያገለገለ መኪና ስለ መግዛት ነው። «በጁሙዓ ቀን የመኪና ወሬ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ሶላታችንን ሰው መስጊድ ውስጥ ያየዋል፤ አማናችን የሚታየው ግን ገበያ ላይ ነው። ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ።

እንበልና አንተ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነህ። እህትህ ሪያድ ላይ የሰው ቤት እየሠራች አራት ዓመት የላከችው ብር አለ። ያንተ ዕቁብ ተጨመረበት፤ አባትህም ሁለት በሬ ሸጡ። ሽንኩርትና ማሾ ወደ አዲስ አበባ የሚጭን አይሱዙ ልትገዛ ነው። ደላላው ደወለ፤ ሄድክ። ሻጩ ደግሞ የመስጊድ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ዙህርን አንድ ሶፍ ላይ ሰገዳችሁ። «ወላሂ ወንድሜ፣ ሞተሯ ተከፍቶ አያውቅም፣ ቀለሟም ኦርጅናል ነው» አለህ። (የቤት መኪና ብትሆን ኖሮ «ዶክተር የያዛት ናት» ይልህ ነበር። በዚህ አገር የሚሸጥ መኪና ሁሉ ዶክተር የያዘው ነው፤ ሐኪሞቻችን ስንት መኪና እንዳላቸው አላህ ይወቀው።) ታዲያ «መካኒክ ይዤ ልምጣ» ማለት አፈርክ። ወላሂ ያለን ሙስሊም ወንድሜን እንዴት እጠራጠራለሁ አልክ።

ይህ ሐፍረት ጥሩ ሥነ ምግባር ይመስላል። እስኪ በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሥራ እንመዝነው።

አቡ ሑረይራ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ አለ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ጣቶቻቸው እርጥበት ነካቸው። ባለቤቱን ምን እንደሆነ ጠየቁት። ዝናብ እንዳገኘው ነገራቸው። ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ከዚያም የሚያጭበረብር ሰው ከእርሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ።

ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ ለሻጮች ስንነግር እንሰማለን። እኔ ግን እጃቸውን እንድታየው እፈልጋለሁ። ያ ሰው በመዲና ገበያ የሚሸጥ ሰው ነው፤ በሐዲሱ ውስጥ ማንም ሲከስሰው አንሰማም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን ከላይ የሚታየውን አይተው አላለፉም። ሌላም ነገር ልብ በል፤ ሰውዬው ሲጠየቅ አልዋሸም። ዝናቡ በእርግጥ ዘንቧል። ጥፋቱ ደረቁን ከላይ ማድረጉ ብቻ ነው። የተጋጨ መኪና በስቱኮ ተሞልቶ አዲስ ቀለም ሲቀባስ? ያው ደረቁ ከላይ መሆኑ ነው።

ኪሎ ሜትር መመለስም ያኔ ያልነበረ ነገር እንዳይመስልህ። የዚያን ዘመን ሻጮች ግመልን ወይም በግን ቀናት ሳያልቡ ያቆዩና ጡቷ ተወጥሮ የወተት ጎታ አስመስለው ይሸጡ ነበር። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ከለከሉ፤ ለተታለለው ገዢም ካለባት በኋላ የመያዝ ወይም ከአንድ ቁና ተምር ጋር የመመለስ ምርጫ ሰጡት። ዛሬ ሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና ቆጣሪው ሰማንያ ሺህ ሲያሳይ የተወጠረ ጡት ነው የምታየው። ቆጣሪውን ተወውና የፍሬንና የፍሪሲዮን መርገጫውን ጎማ፣ መሪውን፣ የሹፌሩን ወንበር እይ። እነሱን የሚመልስ ባለሙያ ብዙ የለም።

«ግን ሱኡ ዘን አይሆንብኝም?» ትላለህ። አይሆንም። የተከለከለው ጥርጣሬ ሳያዩ በሰው ላይ መፍረድ ነው፤ ማየት ከዚያ ያድንሃል። ከቁርአን ረጅሙ አያ በሱረቱል በቀራ ውስጥ ስለ ዕዳ የወረደው ነው። አማኞችን ነው የሚያናግረው፤ እርስ በርስ ዕዳ ሲዋዋሉ እንዲጽፉና ምስክር እንዲያቆሙ ያዛቸዋል። አላህ አማኞችን ጻፉ ካለ፣ አንተ ሊብሬ አሳየኝ ብትል ምኑ ነውር ነው?

ስለዚህ ሊብሬውን ተቀበል፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከመኪናዋ ላይ ራስህ አንብበህ አስተያይ። የሚሸጥልህ በውክልና ከሆነ፣ ውክልናው መሸጥን የሚጨምርና ያልተሻረ መሆኑን አጣራ። ፋይሉ ያለበት መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ የባንክ ወይም የፍርድ ቤት ዕገዳ እንደሌለበት ጠይቅ። ከቀረጥ ነጻ የገባ ከሆነም ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዞርልህም።

ቦሎውንስ? በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመረመራል፤ ቦሎ ያለው መኪና ያን ምርመራ አልፏል ማለት ነው። ግን ቦሎ የአንድ ቀን ምስክር ነው። ያን ቀን ፍሬኑ ይዞ ነበር ይልሃል፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት ወራት ምን እንደገጠመው አይነግርህም። የቀደሙትን ዓመታት የምርመራ ወረቀት፣ የጋራዥና የዕቃ ደረሰኝ ጠይቅ። ያላቸው ሰዎች ደስ ብሏቸው ነው የሚያሳዩህ።

ከዚያ መካኒክህን ይዘህ በጠዋት ሂድ። ቀድሞ ደውሎ «አሙቀህ ጠብቀኝ» የሚል ገዢ አትሁን። ኮፈኑን ስትነካው ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፤ ሲነሳ ጭሱን እይ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ ነው። ሳይቋረጥ የሚወጣ ነጭ ጭስና እያደር የሚጎድል የራዲያተር ውሃ ቴስታታው ጋ ችግር መኖሩን ይጠቁማል።

እዚህ ላይ ለእኛ ለይፋት ልጆች የተለየ ነገር አለ። መኪናውን የምትሞክረው አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ነው። የምትሠራበት ግን ሮቢት ነው፣ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ በዚያ ሙቀት። ሽንኩርት ጭነህ ደብረ ሲናን አልፈህ እስከ ጣርማ በር ዋሻ ስትወጣ ከ3,000 ሜትር በላይ ትደርሳለህ። ደብረ ብርሃን ላይ ያልፈላ ራዲያተር ይህ ዳገት ላይ ይፈላል። ስትመለስ ደግሞ ያው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ እየተረገጠ የጋለ ፍሬን መያዝ ሲያቅተው ምን እንደሚሆን በዚያ መንገድ የተመላለሰ ሁሉ ያውቃል። የሳሳ ፍሬን ደብቆ የሚሸጥ ሰው ከእህትህ ብር በላይ ነው የወሰደው። ጋቢና የተቀመጡት ሰዎች ነፍስም አለበት።

ደላላ ያጣድፍሃል። የሚያጣድፍበት ምክንያትም አለው፤ በ2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ኤክሳይስ ታክስ ተጣለ፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና እጅ በእጅ እየዞረ ነው። «ሌላ ገዢ መንገድ ላይ ነው፣ አሁን ካልከፈልክ ሄደች» ይልሃል። ትሂድ። ጌታህ በጁሙዓ አዛን ጊዜ ንግድህን ሙሉ በሙሉ እንድትተው አዞህ ሪዝቅህ አልጎደለም፤ ለአንድ ጠዋት ምርመራ ብትቆይም አይጎድልም። ሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ሻጭና ገዢ እስኪለያዩ ድረስ ምርጫ አላቸው፤ እውነት ከተናገሩና ዐይቡን ከገለጹ ሽያጫቸው ይባረካል፤ ከዋሹና ከደበቁ በረካው ይጠፋል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

አሁን ፊቴን ወደ አንተ ላዙር፣ ሻጩም ባትሆን ነገሩን ወደምታውቀው፤ መካኒኩ፣ ደላላው፣ ቀለሙን የቀባኸው ባትላሜራ። በኢማም አሕመድ ሙስነድ የተዘገበ ታሪክ አለ። አንድ ሰው ከዋሲላ ኢብኑል አስቀዕ (ረ.ዐ) ቤት ግመል ገዝቶ ሲወጣ ዋሲላ ልብሳቸውን እየጎተቱ ደረሱበት። ዐይቧ ተነግሮህ ነው የገዛሃት? አሉት። ምን ዐይብ አላት፣ የወፈረች ጤነኛ ናት አለ። ለሥጋ ነው ለመንገድ? ለሐጅ ጉዞ። የእግሯ መርገጫ የተበሳ መሆኑን ነገሩት። ሰንበቴ ገበያ ግመል ሲገዛ ያየ ሰው የዚህን ትርጉም ያውቃል፤ ለሥጋ ምንም አይደለም፣ ለረጅም መንገድ ግን ሞት ነው። ሻጩ ተቆጣ፣ ሽያጬን ልታበላሽብኝ ነው ወይ አላቸው። እርሳቸው ግን ዐይቡን የሚያውቅ ሰው ዝም ማለት እንደማይፈቀድለት ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስማታቸውን ነገሩት። የኮሚሽንህ ነገር እንደሚያሳስብህ አውቃለሁ። ዋሲላም ያን ቀን አንድ ሰው አስቀይመዋል።

ቀድሞ ተታሎ የገዛህና አሁን «እኔም እንደገባችልኝ ላውጣት» የምትለው ወንድሜ፣ ሕመሙ ይገባኛል። ግን አንተን ያታለለህ ሰው ሐቅህን ወሰደ እንጂ የሚቀጥለውን ገዢ ሐቅ አልሰጠህም። ውሉ ላይ «አይቼ፣ መርምሬ፣ ባለችበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» አስብለህ ብታስፈርመውም፣ እያወቅህ የደበቅከውን ዐይብ ያ ፊርማ ከአንተ ላይ እንደማያነሳልህ ብዙ ዑለማዎች ተናግረዋል። የአገራችን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጩን ለዕቃው ጉድለት ኃላፊ ያደርገዋል።

ቀድሞ ሸጠህ ከሆነስ? በፊቅህ የተደበቀ ዐይብ ያገኘ ገዢ የመመለስ ወይም የመያዝ ምርጫ አለው። የገዛህ ሰው ስልክ ቁጥር አሁንም ስልክህ ውስጥ ይኖራል። ዛሬ ከዐስር በኋላ ደውልለት። ቴስታታው መከፈቱን፣ ፍሬኑ መሳሳቱን፣ የምታውቀውን ሁሉ ንገረው፤ ከዚያ ምን እንደሚፈልግ ጠይቀው። ምናልባት ይቆጣል፣ ምናልባት ብሩን ይመልስልኝ ይላል። ግን ነገ በጠዋት ጭኖ ወደ ጣርማ በር ሊወጣ ይሆናልና፣ ከመነሳቱ በፊት ይስማ።