የክፉው መንፈስ ዒላማ ማን ነበር?

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 1973፣ ምዕራባውያን የጌታን ልደት ባከበሩ ማግስት፣ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው «ዘ ኤክዞርሲስት» የተሰኘው ፊልም እነሆ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ አስቆጠረ። ዊልያም ፒተር ብላቲ በ1971 ያሳተመውን ልብ ወለድ ለፊልም እንዲስማማ አድርጎ የጻፈው ደራሲው ራሱ ሲሆን፣ ዳይሬክተሩ ዊልያም ፍሪድኪን ነበር። ፊልሙ ለአሥር የኦስካር ሽልማቶች ታጭቶ ሁለቱን፣ ማለትም የጽሑፉንና የድምፁን፣ አግኝቷል። ብላቲ በ2017፣ ፍሪድኪን ደግሞ በ2023 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥራቸው ግን ዛሬም ይታያል፤ ስሙ ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰውም አስፈሪነቱን ብቻ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የወደድነው ግን ፍርሃቱን ሳይሆን በፍርሃቱ ሥር የተቀበረውን ጥያቄ ነው። አንዲት ምንም ያልበደለች፣ ገና አሥራ ሁለት ዓመት የሆናት ልጅ በርኩስ መንፈስ ተይዛ ስትሠቃይ እናያለን። ክፉው ከእርሷ ምን ይፈልጋል? ንጉሥ አይደለች፣ ጳጳስ አይደለች፤ በእርሷ መጥፋት የሚናወጥ መንግሥት የለም። ታዲያ ጥቃቱ በእውነት በእርሷ ላይ ነበርን?

ወደ መልሱ ከመሄዳችን በፊት ስለ ሥራው አመጣጥ ጥቂት ማለት ይገባል። ብላቲ በ1949 ኢየሱሳውያን በሚያስተዳድሩት በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ በሜሪላንድ ግዛት አጋንንት ወጣለት ስለ ተባለ አንድ ልጅ በጋዜጣ አነበበ፤ ታሪኩም ከሃያ ዓመት በላይ በልቡ ቆይቶ መጽሐፍ ሆነ። በፊልሙ ሥራ ላይ እውነተኛ ኢየሱሳውያን ካህናት በአማካሪነትና በተዋናይነት ተሳትፈዋል፤ አባ ዳየርን ሆኖ የተጫወተው አባ ዊልያም ኦማሌ ራሱ ካህን ነበር። ስለዚህ ፊልሙን ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የተሠራ የጥንቆላ ተረት አድርጎ መመልከት ስሕተት ነው። ይህን ስንል ለልጆች ይታይ ማለታችን አይደለም፤ በመስቀሉ ላይ የሚፈጸመው ድፍረትና የሚነገረው ጸያፍ ቃል ለአዋቂም ከባድ ነው፤ ያለማየትን የመረጠ ክርስቲያን አንዳች አልጎደለበትም።

በአገራችን ብዙ ሰው ቤተ ሰቡ አእምሮው ሲታወክበት አስቀድሞ ወደ ጸበል፣ ከዚያም ተስፋ ሲቆርጥ ወደ ሐኪም ይወስደዋል። በፊልሙ ውስጥ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እምነት የሌላት እናት ልጅዋን ከሐኪም ወደ ሐኪም ታመላልሳለች፤ በመጨረሻም አጋንንት የማስወጣቱን ሐሳብ የሚያነሡት ሐኪሞቹ ሲሆኑ፣ የሚጠራጠረው ደግሞ ካህኑ ነው። ይህ ካህን፣ አባ ዴሚየን ካራስ፣ የአእምሮ ሐኪምም ነው። ከቧንቧ የቀዳውን ተራ ውኃ ጸበል ነው ብሎ ይረጫል፤ በልጅቷ ያደረው መንፈስም እንደ ተቃጠለ ሆኖ ይጮኻል። ካራስ ይህን የመያዟ ማስረጃ ሳይሆን ተቃራኒው አድርጎ ይቆጥረዋል። ጥንቃቄው የእምነት ማነስ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን የምታዘው ይህንኑ ነው። ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1673 በሽታን ከክፉው መገኘት መለየት እንደሚያስፈልግ ያስተምራል፤ ሕገ ቀኖናም በቁጥር 1172 ማንም ካህን ያለ ጳጳሱ ልዩና ግልጽ ፈቃድ ይህን ሥርዓት እንዳይፈጽም ይከለክላል። በ1614 የወጣው ሥርዓት በ1999 ታድሶ ሲቀርብም፣ ጸሎቱ የሕዝብ ትርኢት እንዳይሆን ተብሎ ታዟል። በዓለም ዙሪያ ትርኢት ያደረገው ፊልም መሆኑን ስናስብ ነገሩ ትንሽ ያስገርማል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በመጽሐፉ ውስጥ ሽማግሌው ካህን አባ ሜሪን መልሱን ይሰጣል፤ ይህ ንግግር በ1973ቱ ፊልም አልተካተተም ነበር፤ ባጭሩ ተመልሶ የገባው በ2000 በወጣው ቅጂ ነው። የሜሪን አሳብ በእኛ አነጋገር ይህ ነው፦ ዒላማው የተያዘችው ልጅ ሳትሆን በዙሪያዋ ያሉት፣ የሚያዩት ናቸው። ክፉው የሚፈልገው ሰው ራሱን እንደ አስጸያፊ እንስሳ እንዲቆጥርና እግዚአብሔር እንዲህ ያለውን ፍጥረት ሊወድ አይችልም ብሎ ተስፋ እንዲቆርጥ ነው። በሌላ አነጋገር የሚሰረቀው ጤና አይደለም፤ እንወደዳለን የሚለው እምነት ነው።

ይህን ይዘን ካራስን ስንመለከት፣ ጦርነቱ ልጅቷ አልጋ አጠገብ ከመድረሱ አስቀድሞ እንደ ተጀመረ እንረዳለን። ከግሪክ የፈለሰች አሮጊት እናቱ በኒው ዮርክ በአንድ ጠባብ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ስትታመም፣ የድህነት መሐላ ያለበት ልጅዋ የተሻለ ሆስፒታል የሚያስገባበት ገንዘብ ስለሌለው፣ የድሆች የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ትገባለች፤ ኋላም ብቻዋን ትሞታለች። በምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያም አንድ የኔ ቢጤ፣ በልጅነቱ በቅዳሴ ያገለገለ ካቶሊክ መሆኑን ተናግሮ ምጽዋት ሲለምነው፣ ካራስ ፊቱን ያዞራል። ክፉው መንፈስ በኋላ የሚናገረው በዚህ ለማኝ ቃልና በእናቱ ድምፅ ነው። ሜሪን ከመንፈሱ ጋር መነጋገር እንደማይገባ ሲያስጠነቅቅ፣ ውሸታም መሆኑን ብቻ ሳይሆን ውሸቱን ከእውነት ጋር የሚቀላቅል መሆኑንም ይነግረዋል። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ካራስን የሚሰብረው ሐሰቱ ሳይሆን እውነቱ ነው። እናቱ በእርግጥ ብቻዋን ሞታለች፤ ለማኙንም በእርግጥ አልረዳውም። ይሁዳም ጴጥሮስም በደላቸውን አውቀው ነበር፤ የተለያዩት ከዚያ በኋላ በሄዱበት መንገድ ነው። የከሳሹ ተንኰል እውነተኛውን በደል አንሥቶ፣ ከዚያ ወዲያ ምሕረት የለም የሚለውን ሐሰት በላዩ ማሰር ነው።

በመጽሐፉ ሜሪን ስለ ራሱ የሚናገረው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያጽናና ይመስለናል። አንዳንድ ሰዎችን ማየት እንኳ ይከብደው ስለ ነበር፣ ባልንጀራን የመውደዱን ትእዛዝ ፈጽሞ ሊፈጽም እንደማይችል አምኖ ተስፋ ቆርጦ ነበር። በኋላ ግን እግዚአብሔር የጠየቀው ፍቅር ስሜት ሳይሆን ፈቃድ መሆኑን፣ የሚጠላውንም ሰው በፍቅር ሥራ ማስተናገድ እንደሚችል ተረዳ። ርኩሰት የሚበዛውም በታላላቅ ጦርነቶች ሳይሆን በጥቃቅን ቂምና ወዳጅ ለወዳጁ በሚወረውረው ክፉ ቃል ነው ይላል። ስለ አጋንንት በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለ የቤት ውስጥ ነገር ማግኘት ያልተጠበቀ ነው፤ ፊልሙን ብቻ ያዩ ብዙዎች አያውቁትም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መጨረሻው ነው። ሜሪን በልብ ድካም ይሞታል። ካራስም በቍጣ ልጅቷን ይዞ መንፈሱ ወደ እርሱ እንዲገባ ይጠይቃል፤ ይገባበታልም። እጆቹ ልጅቷን ሊያንቁ ሲዘረጉ ለቅጽበት ወደ ራሱ ተመልሶ በመስኮቱ ይወረወርና በድንጋዩ ደረጃ ተንከባልሎ ይወድቃል። ይህ ራስን መግደል ነውን?

ሁለቱን ድርጊቶች ለይተን ማየት ይገባናል። ክፉውን «ወደ እኔ ና» ማለቱን ልናጸድቀው አንችልም፤ ሌላውን ለማዳን እንኳ ቢሆን ነፍስን ለክፉ መክፈት የተፈቀደ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ወገኖቹ ሲል ከክርስቶስ ተለይቶ ቢረገም እንደሚመኝ መጻፉ ትዝ ይለናል፤ ነገር ግን ያ የፍቅር ጩኸት እንጂ ከጠላት ጋር የተደረገ ውል አልነበረም። ዝላዩ ግን ሌላ ነው። በጓዶቹ መካከል በወደቀ ቦምብ ላይ ራሱን የሚጥል ወታደር የሚፈልገው የእነርሱን መትረፍ እንጂ የራሱን ሞት አይደለም። ካራስም የሸሸው ከሕይወት አልነበረም፤ ሊገድሉ የተዘረጉ እጆቹን ከልጅቷ ማራቁ ነበር። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ስንት ነፃ ፈቃድ እንደ ነበረ ግን የሚመዝን ሰው የለም። አንዳንድ ተመልካቾች ክፉው አሸነፈ ብለው መውጣታቸው ደራሲውን ያሳዝነው ነበር።

እኛ ግን ዓይናችን የሚያርፈው በደረጃው ግርጌ ነው። ወዳጁ አባ ዳየር ሰዎችን አልፎ ይደርሳል፤ በደም በተነከረው ሰው አጠገብ ተንበርክኮ ንስሐ መግባት ይፈልግ እንደ ሆነ ይጠይቀዋል። ካራስ መናገር አይችልም፤ እጁን ብቻ ይጨምቃል። ዳየርም እያለቀሰ ይፈታዋል። ስለ መስኮቱ አልጠየቀውም።

ከቀናት በኋላ እናትና ልጅ ከተማውን ለቀው ሊሄዱ ሲሉ ዳየር ሊሰናበታቸው ይመጣል። ልጅቷ ከደረሰባት ሁሉ አንዳች አታስታውስም። ነገር ግን በካህኑ አንገት ላይ ያለውን ነጭ ኮሌታ አየት ታደርግና፣ ማንም ሳይነግራት፣ ጉንጩን ትስመዋለች።