ሥራ የሚያዝዝ ጥርጣሬ

ጽሑፍ ልኬ መልሱ ሲዘገይ «ለመሆኑ እኔ ጸሐፊ ነኝ?» የሚል ጥያቄ ይነሣብኛል። ቡራዩ ቤት ተከራይቼ፣ ከዚህም ከዚያም የታዘዝኩትን እየጻፍኩ የምኖር ፍሪላንሰር ነኝ፤ ቋሚ ደመወዝ የለኝም። ጥያቄው በሸሸሁት ቁጥር ስለሚከተለኝ ቁጭ ብዬ ልመርምረው።

የአዘጋጁ ዝምታ ጽሑፌ መጥፎ ነው ማለት ነው? ሊሆን ይችላል። ገጹ ሞልቶበት ወይም ገና ሳያነበው ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ከብዙ ምክንያት መካከል የሚጎዳኝን ብቻ ለይቼ መያዝ ፍርድ አይባልም። ስለዚህ ዝምታን በማስረጃነት አልቀበለውም።

የሚከብደኝ ሌላው ነው። በትእዛዝና በክፍያ የሚጽፍ ሰው ጸሐፊ ይባላል? እዚህ ላይ ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ ትዝ ይለኛል። «ሐተታ» የተባለው መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ ከተሸሸገበት ዋሻ ወጥቶ እንፍራዝ ሲደርስ እንጀራ የሆነለት ጽሕፈቱ ነው። ለባለጸጋው ለሀብቱ ዳዊት ጻፈለትና ተከፈለው፤ ሌሎችም ያንን አይተው አጻፉት። የገዛ ሐሳቡን የጻፈው ግን ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ቢለምነው፣ በ68 ዓመቱ ገደማ ነው። እርግጥ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 የሐተታው ደራሲ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ነው ብሎ ተከራክሯል፤ ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊው ሥራ መሆኑን ለማሳየት ብዙ ደክሟል። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። እኔን የደነቀኝ ይህ ነው፤ የደራሲው መኖር እስኪጠረጠር ድረስ ተደርሶም ሐተታው ይነበባል፣ ሐሳቡም ይመረመራል። እንግዲያው የእኔ ማንነት ሳይረጋገጥ የጻፍኩት ገጽ ሊመዘን ይችላል።

ቡራዩ በመኖሬ የሚነሣው «ቁም ነገር ያለው መሃል አዲስ አበባ ነው» የሚለው ጥርጣሬ ብዙ አላቆየኝም። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ የባቡር መስመር የሚነሣው ከሰበታ ነው፤ ዘርዓ ያዕቆብም፣ እንደ ሐተታው ከሆነ፣ የጻፈው እንፍራዝ ተቀምጦ ነው።

ሱሉልታ ላይ ግን ልቆይ። ስለ አካባቢው ወተት እንድጽፍ ታዝዤ ማለዳ አንድ ማሰባሰቢያ ጣቢያ ሄድኩ። ተረካቢው ከየዕቃው ቀድቶ በጠባብ ብርጭቆ ይሞላና መለኪያውን ይለቅበታል። ውሃ በገባበት ወተት መለኪያው ጠለቅ ይላል። የአንዲት እናት ወተት ቀጥኖ ተገኘና አልተረከባቸውም፤ ነገ ግን እንዲያመጡ ነገራቸው። ዝቅ ብለው ጀሪካናቸውን ከደኑ፣ አንድ ነገር ተናገሩና ሄዱ።

«አፍረው ሄዱ» ብዬ ልጽፍ ስል እጄ ቆመ። በምን አወቅሁ? ያየሁት ዝቅ ማለታቸውን ነው። የተናገሩት በኦሮምኛ ነው፤ የእኔ ኦሮምኛ ደግሞ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም። ተረካቢውን ምን እንዳሉ ጠየቅሁት። «ፋጉሎ ገብቷል ወይ? ስንት ገባ? ነው ያሉት» አለኝ። እኔ ኀፍረት ልጽፍ ስል እሳቸው የላማቸውን መኖ እያሰቡ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሁለቱን ጥርጣሬዎች ለየኋቸው። «ይህን ቃል በምን አወቅሁት?» የሚለው አስነሥቶ ሰው ያስጠይቀኛል፤ ጠይቄም መልስ አገኛለሁ። «ጸሐፊ ነኝ ወይ?» የሚለው ግን የት ሄጄ ማንን እንደምጠይቅ አይነግረኝም። ተረካቢው የመዘነው የዚያን ማለዳ ወተት እንጂ ሴትዮዋን አልነበረም፤ እኔም ራሴን ሚዛን ላይ ማውጣቱን ትቼ ዓረፍተ ነገሩን ብመዝን ይሻለኛል። የመጀመሪያውን ጥርጣሬ ላኑረው፤ ሁለተኛው ሲመጣ ደግሞ ምን ሥራ ይዞልኝ እንደመጣ ልጠይቀው፤ ምንም ካልያዘ ልለፈው።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይከነክነኛል። እንደ ወልደ ሕይወት የራስህን ጻፍ ብሎ የለመነኝ የለም። እስኪለምኑኝ ልጠብቅ? ያዘዙኝ ስለ ወተት እንጂ ስለ ፋጉሎ አይደለም። የፋጉሎ ዋጋ ሲወጣ ወተት የሚሸጡ እናቶች ከምን ላይ እንደሚቀንሱ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ። ኦሮምኛ የሚችል ጓደኛ ለምኜ፣ በራሴ ሂሳብ ወደ ሱሉልታ እመለሳለሁ።